ዳለቻ የላሰችው ጋዋን

የእህቴን ባል ደግሰውን አግኝቶ የማያውቅ ሰው እድለኛ ነው። ያገኘው ሰው ሳይማር አይለቀቅም። ደግሰው ሰላምታ አይሰጥም፣ ትምህርት ነው የሚሰጠው። «እንዴት አደርክ?» ብትሉት የተኛ ሰው ሙቀቱ በየት በየት እንደሚወጣ ያስረዳችኋል። እኔ ሰብሌ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ዕድሜዬን ከድስትና ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት። ከእሱ አፍ የሰማሁትን ሳይንስ ያህል ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅም የሰማ አይመስለኝም። ጥቅሙን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ አይብ። እሱንም የዋጥኩት ሳልወድ ነው።

ደግሰው የገነተ ማርያም ሰው ነው። አባቱ መሪጌታ ጥሩሰው ድጓ የዘለቁ ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውም ከማኅሌቱ እንዲቆምላቸው ይመኙ ነበር። እሱ የአባቱን ዜማ ትቶ የአባቱን ሬዲዮ ያዘ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ አገር ምድሩ «ማን ገባ፣ ማን ወጣ» እያለ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ በደቀነበት ሳምንት፣ የመሪጌታ ሬዲዮ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ደግሰው ገጣጥሞ ሲጨርስ ጥቂት ብሎንና ሁለት ሦስት ባለቀለም ፍሬ ተረፈው። ሬዲዮዋም ትንፍሽ ሳትል ቀረች።

«ምንም አይደል፣ ትርፍ ናቸው» አለ። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው።»

መሪጌታ መንግሥት መለወጡን ከጎረቤት ሰሙ።

ይህ ይበቃዋል ያልን ሞኞች ነበርን። ላሊበላ መጥቶ ቆርቆሮ ላይ «ደግሰው ኤሌክትሮኒክስ» ብሎ ጽፎ ሱቅ ከፈተ። ታሞ የገባ ሬዲዮ አይቻለሁ፤ ድኖ የወጣ ግን አላየሁም። ትርፉ ዕቃ በየጣሳው ተጠራቀመ፤ «ከዚህ ውስጥ አንድ ቀን የራሴን ጣቢያ እሠራለሁ» ይል ነበር። ሰው ለምን እንደማይጣላው ይገርመኛል። ባለሬዲዮው ተናዶ ይገባና ስለ ሞገድ ሰምቶ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ የሞተ ሬዲዮውን ታቅፎ ይወጣል። እህቴን አመተ ጊዮርጊስንም ያገኛት በዚሁ አፉ ነው። እሷ ቃል የምትቆጥብ ሰው ናት፤ ለፋሲካ እንኳ አንዴ «እንኳን አደረሰሽ» ካለች ለሚመጣው ዓመትም ያገለግላል። «ምኑን ወደድሽው?» ብላት «እሱ ካለ እኔ መናገር አይጠበቅብኝም» አለችኝ። ምን ይባላል?

ሱቁ ሲዘጋ ገነተ ማርያም ተመልሰው በአባቱ ቤት ኖሩ። እርሻውን የሚያርሰው በግድ ነበር፤ በሬዎቹም ሳያውቁት አልቀሩም። ልጅ ዘግይቶ መጣላቸው፤ ማርያማዊትን ወለዱ። ከሲታ፣ አንገቷ የቀጠነ፣ ዓይኗ ብቻ የተረፋት ልጅ ናት። የእናቷ ጡት ቶሎ ደረቀ፤ ገንፎውንም ቂጣውንም ትተፋዋለች። የምትቀበለው ምግብ ቢኖር የዳለቻ ወተት ነው። ዳለቻ የቤቱ ላም ናት፤ ስሟም የወጣው ከአመድማ ቀለሟ ነው። በዚያ ዓመት ግንባሩ ቦቃ የሆነ ወንድ ጥጃ ወልዳ ታጠባ ነበር። ጠዋትና ማታ ጥጃው ትንሽ ይጠባና ይታሰራል፣ እህቴ ታልባለች፣ ማርያማዊት ኩባያዋን ይዛ አጠገቧ ትቆማለች። የልጅቱ ሕይወት በዚያ ኩባያ ላይ እንደተንጠለጠለ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ደግሰውም ያውቃል።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ዘመኑ የሥልጠና ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ ይሠለጥናል፣ ይጨበጨብለታል፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ አዳራሹ በር ላይ በሬ ቢያልፍ እሱንም መዝግበው ያስገቡት ነበር። ደግሰው ደሴ ወርዶ የወተት ቴክኖሎጂ ሠልጥኖ መጣ። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ቴርሞሜትሩን እንደ መስቀል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ጠርሙስ ይዞ ነበር። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ትኩስ ወተትን ሳይኮመጥጥ የሚያረጋ ፈሳሽ ነው። የፈረንጅ ጠንካራ አይብ ያለ እሱ አይሠራም። ጋዋኑን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ ብሎ እህቴ ነች በር ላይ የመለሰችው።

ሐሳቡን ልሰድበው ሞክሬ አቅቶኛል። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ ጠጪ የለውም። ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ አሬራው ለውሻ ይደፋል። የከተማው ሆቴሎች ግን በፋሲካ ሰሞን በፈረንጅ ይሞላሉ፤ ፈረንጁ አይጾምም፤ የሚበላው ጠንካራ አይብ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሚመጣለት። ደግሰው የሁዳዴን ወተት አርግቶ፣ በድንጋይ ተጭኖ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ዋሻ አብስሎ ለፋሲካ ላድርስ አለ። የመንደሩ ሴቶች ወተታቸውን ሊያዋጡ ተስማሙ። ሐሳቡ ጅል አልነበረም። ጅሉ ባለቤቱ ነው።

እህቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው።

«የዳለቻን ወተት አትንካ። የማርያማዊት ነው።»

«በእመቤቴ ማርያም፣ ጠብታውን አልነካም!» ብሎ ማለ።

የጠርሙሷ መጨረሻ በቅበላ ቀን ሆነ። የቀበሌው ሰዎች የሠልጣኙን ሥራ ለማየት መጡ፤ ወንበር ተደረደረ፣ ደግሰው ጋዋኑን ለበሰ። ለአንድ ድስት ወተት ጥቂት ጠብታ ይበቃ ነበር። ጥቂት ጠብታ ግን ከሩቅ አይታይም፣ ደግሰው ደግሞ ሰው የማያየው ነገር አይሠራም። ጠርሙሷን ከፍ አድርጎ አሳየና አንድም ሳያስቀር ገለበጣት። ወተቱ ረጋ አይባልም፣ ደነገጠ ነው የሚባለው። ሲያወጣው እንደ ጎማ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሲነጥር ቀበሌው በሙሉ አጨበጨበ። አንዱ ባለሥልጣን ተነስቶ «ሞዴል የፈጠራ ባለቤት» አለው። ጭብጨባው ሲያልቅ ጠርሙሷም ባዶ ነበረች።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ፤ ሴቶቹም እንደ ቃላቸው ወተት አመጡ። ደግሰው ስለ ሙቀት መጠን አስተማራቸው። በማግስቱም አመጡ፣ በማግስቱም አስተማራቸው። ወተቱ በየእንስራው ኮመጠጠ። ደሴ መልእክት ቢልክ የማርጊያው ፈሳሽ አልቋል ተባለ። ሴቶቹ የኮመጠጠ ወተታቸውን መልሰው እየወሰዱ መናጥ ጀመሩ፤ መውሰዳቸው ባልከፋ፣ እየሳቁ ነው የወሰዱት። እሱ የተራበ ሆድ ይችላል፣ የሚስቅ ሰው ግን አይችልም። ያን ጊዜ ከሥልጠናው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ፈሳሹ መጀመሪያ የሚገኘው ገና ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆማል። ደግሰው አሰበ። እሱ ማሰብ ሲጀምር ከብቱንም ሰውንም ዞር ማድረግ ነው።

በሁዳዴ ደም አይፈስም፣ የሚያርድም ክርስቲያን የለም። ለዚህም መላ አገኘ። ኩልመስክ ገበያ በርበሬና ጨው የሚነግድ ሸዕባን የሚባል ሙስሊም ወዳጅ አለው፤ እሱ ይረድ፣ ሥጋውን ይውሰድ፣ ለደግሰው ጨጓራውና ቆዳው ይብቃው። እህቴ ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ጠዋት የዳለቻን ጥጃ ፈታው። ጥጃው መንገዱን አልችል ሲል አነሳና ትከሻው ላይ አደረገው፤ ጋዋኑን እንደለበሰ ነው፣ ያለ ጋዋን ሥራ አይሠራማ። ጥጃው መንገዱን ሙሉ አንገቱን እየላሰ፣ ጀርባው ላይ እየሸና ሄደ። የቀረውን ሸዕባን ራሱ በርበሬ ሊያስረክበኝ ሲመጣ ነው የነገረኝ።

«ኧረ በአላህ! በጾማችሁ ጥጃ?» አልኩት ብሎ ነገረኝ ሸዕባን።

«የታረደው በአንተ እጅ፣ የሚበላውም በአንተ ቤት። እኔ አልቀምስ» አለው ደግሰው። «ማን ተበደለ?»

«ላሚቱስ? ጥጃዋን አጥታ ትሰጣለች?»

«ላም ማለት ማሽን ናት፣ ሸዕባን። ደሴ ያየኋት የፈረንጅ ላም ጥጃዋን ሳታይ ነው የምትታለበው። ግቷን በሞቀ ውሃ ማሸት ነው፤ ሆርሞኑ ራሱ ይሠራል።»

«ያቺስ የፈረንጅ ላም ናት» አለው ሸዕባን። «ያንተዪቱ ሥልጠናውን ወስዳለች?»

ሸዕባን እንዲያ ብሎም ማረዱን አልተወም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እቀየመዋለሁ። ደግሰው ግን ያቺን ጥያቄ ይዞ ጥቂት እርምጃ ቢያስብ ኖሮ ይመለስ ነበር። ላሟን ያሳደጋት እሱ ነው። በላስታ ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንደምትይዝ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። እሱም ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ደሴ ሲወርድ ጥሎት ተመለሰ እንጂ።

እህቴ ከወንዝ ስትመለስ ዳለቻ የጥጃዋን ገመድ እያሸተተች ትጮኻለች። ደግሰው ከሰዓት በኋላ ጨጓራውን በጨው ጠቅልሎ፣ ቆዳውን ተሸክሞ ደረሰ።

«ምን አደረግህ?» አለችው።

«የወተቱን ጠብታ አልነካሁም» አላት። ይህን ያለው ቆዳውን እንደያዘ ነው። ዛሬም ሳስበው እጄ ድስት ማማሰያውን ይፈልጋል።

ያን ማታ ግቷን በሞቀ ውሃ አሻት። ዳለቻ አንዴ ረገጠችው፣ ቴርሞሜትሩም ተሰበረ። በማግስቱ አሻት፤ ጠብታ አልወረደም። ማርያማዊት ኩባያዋን ይዛ ቆማ ቆማ አለቀሰች፣ ከዚያም ማልቀሱም ደከማት። እህቴ የጎረቤት ወተት ለምና አመጣች፤ ልጅቱ ከሌላ ላም የመጣውን አሽትታ ፊቷን አዞረች፣ በግድ ያጠጧትንም አስመለሰችው። ወሬው ላሊበላ ሲደርሰኝ ምግብ ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። ልጅቱ ከሰውነቷ ላይ የሚጎድል ነገር ያላት አይመስለኝም ነበር፤ ጎድሎ አየሁት። ደግሰውን ስሰድበው ቆየሁ። 

በእኛ አገር ለዚህ የሚደረግ ነገር አለ። የሞተው ጥጃ ቆዳ ገለባ ይሞላና ላሟ አጠገብ ይቆማል። እሷ የልጇን ጠረን እያሸተተች ትልሰዋለች፣ ወተቷም ይወርዳል። ደግሰው ይህን «ላም ማታለል፣ ኋላቀርነት» ይለው ነበር። ልጁ ስትደክም አይቶ ግን እምቢ አላለም። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ አለ፤ ቆዳውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የሠራው ጥጃ ቀጥ ያለ፣ ስፌቱ ያማረ፣ ከሞተውም ይበልጥ የሚያምር ነበር። ዳለቻ እየጮኸች መጣች። አሸተተችው፣ አስነጠሳት፣ በቀንዷ ወግታ ገለበጠችው።

እኔም ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ቆዳው በረኪና በረኪና ይላል።

«አጠብከው እንዴ?»

«በሳሙናና በበረኪና» አለ። «ሕፃን የሚጠጣው ወተት አጠገብ ባክቴሪያ ይቁም?»

እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባሏን አልሰደበችም፣ አላለቀሰችም። እኔ ግን ሁለቱንም አደረግኩ። ከዚያ ጥጃ በዚህ ምድር የቀረ አንድ ጠረን ነበር፤ ሰውዬው እሱንም አጥቦታል።

በዚህ መሃል ዳለቻ ዞራ ወደ አጥሩ ሄደች። አጥሩ ላይ ጋዋኑ ተሰቅሏል። ደግሰው ከኩልመስክ በተመለሰ ቀን አውልቆ ሰቅሎት፣ በውርደቱ ሊለብሰውም ሊያጥበውም ሳይችል ረስቶት ነበር። ጥጃው የተኛበት ትከሻና የሸናበት ጀርባ እንዳለ ነው። ዳለቻ አፍንጫዋን ቀበረችበት። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ወደ ማጉረምረም ወረደ። ትከሻውን ላሰችው፣ እጅጌውን ላሰችው። ወተቱም ግቷ ሳይነካ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

እህቴ ማለቢያዋን ይዛ ስትሮጥ አየኋት፤ እሷ ስትሮጥ ከልጅነታችን ወዲህ አላየሁም። ጥቂት እንዳለበች ዳለቻ ጋዋኑን ጎትታ ጣለችው። ጨርቁ መሬት ላይ ሲወድቅ ወተቷን ያዘች። መልሰን ሰቀልነው፤ መልሳ ጣለችው። የሚሞቅ፣ የሚቆም ነገር ነው የፈለገችው። እህቴ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ልበሰው» አለችው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ለብሼ መቆም እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አላደርገውም ነበር።

ለበሰው፣ ቆመ። ዳለቻ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ላሰችው። ማርያማዊት የዚያን ዕለት ኩባያዋን ጠጥታ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደግሰው የላም ምላስ ለምን እንደሚሻክር ሊያስረዳኝ ሲጀምር ጥዬው ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቆመ። ጋዋኑ እንዳይታጠብ እህቴ አዘዘች፤ ያ ከማርጊያው ጠርሙስ ጋር የመጣ የሳይንስ ነጭ ልብስ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያም የቀለም ስም ሊሰጡት የማይቻል ሆነ። መንደርተኛው በአጥር ላይ እያየ ይስቃል። እሱም ይሰማል።

አይቡንስ ተወው? ምን ሲደረግ። ጥጃው አንዴ ሞቷል አለና ጨጓራውን አድርቆ፣ በጨው ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሴቶቹን ለመጨረሻ ጊዜ ለምኖ ወተት ሰበሰበ። ረጋለት። ጨምቆ፣ በድንጋይ ተጭኖ፣ ወፍጮ የሚያህል አንድ አይብ ዋሻው ውስጥ አስቀመጠ። ጭንቁ ደግሞ መቅመስ አለመቻሉ ነበር። የነፍስ አባቱን አባ ገብረመስቀልን ሄዶ ጠየቃቸው።

«አባ፣ አንዲት ፍርፋሪ ብቀምስ። ለሆዴ አይደለም፣ ለሳይንስ ነው።»

«እሱም ይጹማ» አሉት።

ስለዚህ የቀረውን ሁዳዴ ሙሉ አይቡን እንደ ከበሮ በጣቱ እየመታ፣ ጆሮውን እየለጠፈ ያዳምጠው ነበር። ሬዲዮ ያልሰማለትን ከአይብ ሊሰማ።

በፋሲካ ማግስት አይቡን በበቅሎ ጭኖ ላሊበላ አመጣው። ለአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቃ የሚገዛው አለሜ የሚባል ሰው የእኔ ደንበኛ ነው፤ የተገናኙት እኔ ምግብ ቤት ነው። አለሜ በቢላ ከፈተው። ይከረፋል ብዬ በደስታ ጠብቄ ነበር፤ አልከረፋም። ቀመሰና ደግሞ ቆረጠ። እኔም ቀመስኩ። ምን ላድርግ፣ ጥሩ ነበር። ጠንከር ያለ፣ ጨው የገባው፣ ምላስ ላይ ቆይቶ የሚጣፍጥ። እንደዚያ ያለ አይብ ከዚያ በፊትም በኋላም አልበላሁም። ያ ግንባረ ቦቃ ጥጃ ዓይኔ ላይ መጣብኝና ቀሪውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሰውዬው ሁሉንም በትክክል ሠርቷል፤ አንዴ ብቻ።

«በየሳምንቱ እወስዳለሁ» አለው አለሜ። «ፋብሪካህን መጥቼ አያለሁ።»

ደግሰው በየሳምንቱ ጥጃ ከየት እንደሚመጣ ሳይናገር እጁን ጨበጠው። በመንደሩ ደግሞ የጨጓራው ነገር ታውቆ፣ እሱ በመንገድ ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ ጥጃውን ወደ ቤት ማስገባት ጀምሮ ነበር። በጉ ሳይቀር ይገባል።

አለሜ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መኪና ተከራይቶ ገነተ ማርያም ሄደ፤ እኔም ልጅቱን ልይ ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ። የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በማለቢያ ሰዓት ነው። የቤቱ ሰዎች ጓሮ ነበሩ። ደግሰው ጋዋኑን ለብሶ ቆሟል። ዳለቻ ትከሻውን ትልሳለች፣ እህቴ ታልባለች፣ ማርያማዊት ኩባያዋን ይዛ አጠገቧ ቆማለች፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ሥጋ ወጥቶባታል። አለሜ አጥሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ተያዘ።

«ደህና ዋላችሁ... ይሄ ምንድን ነው?»

ደግሰው ሰው ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን አነሳ። «እንግዲህ፣ አቶ አለሜ፣ ይህ ሆርሞንን የማነቃቂያ ዘዴ ነው። በላሟ ጭንቅላት ውስጥ...»

ዳለቻ ቀና አለች። ጥጃዋ በሰው ድምፅ ሲናገር ሰምታ ወደ ኋላ ተሳበች፣ ጆሮዋንም አቆመች። ማለቢያው ውስጥ የሚወርደው ወተት ቀጠነና ቆመ። ማርያማዊት ኩባያዋን አየች፣ ከዚያ አባቷን አየችው።

እህቴ ፊቷን ከላሟ ሆድ ሳታነሳ ተናገረች።

«ደግሰው፣ ዝም በል። ጥጃ አያስተምርም።»

ደግሰው ወደ አለሜ አየ፣ ወደ ኩባያዋ አየ። ያነሳውን እጅ ቀስ ብሎ አወረደ፣ አፉንም ዘጋ። ዳለቻ ጠጋ ብላ ትከሻውን ላሰችው፣ ወተቱም ተመልሶ መውረድ ጀመረ።